በጾም የሚበላ ኬክ ፍለጋ፦ ፒኮ መንገድ ላይ ያለውን የአይሁድ ኬክ ቤት ሄጄ ቀመስኩት

የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች፣ እንኳን ለዐቢይ ጾም በሰላም አደረሳችሁ።

ባለፈው ሰሞን «በጾም ለሚውል ልደት ኬክ ከየት ይገኛል?» የሚል ጥያቄ እዚህ ተነስቶ ነበር። ብዙዎቻችሁ «ኮሸር ኬክ ቤት ሂዱ፣ ወተት የሚባል ነገር አይገባበትም» ብላችሁ መለሳችሁ። ኮሸር በአይሁድ የምግብ ሕግ የተፈቀደ ማለት ነው። እኔ በሄድኩበት ቤት እውነት ነው፣ ወተት አይገባበትም። እንቁላል ግን ይገባበታል፤ ያውም በብዛት። ይህን ሳይነግሩ ጾመኛ ሰው መላክ ልክ ስላልመሰለኝ፣ ሁሉንም መቅመስ በሚቻልበት በቅበላው ሳምንት ሄጄ አየሁ፣ ጠየቅሁ፣ ቀመስኩ።

ሰፈሩን ለማታውቁት፦ ከሊትል ኢትዮጵያ ተነስታችሁ ፒኮን ይዛችሁ ወደ ምዕራብ ስትነዱ ብዙም ሳትርቁ ፒኮ ሮበርትሰን የሚባለው ሰፈር ትደርሳላችሁ። ሥጋ ቤቱ፣ ምግብ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ አብዛኛው ኮሸር ነው። ሊትል ኢትዮጵያ ካለበት ከፌርፋክስ መንገድ እንጀራና በርበሬ ገዝታ ለምትመለስ ሴት በመንገዷ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገራችሁ፤ ካልገባን ምን እንደምንጠይቅም አናውቅም። ጠቦትን በእናቱ ወተት መቀቀል የሚከለክለው ቃል በኦሪት ሦስት ጊዜ ተጽፏል፤ ዘጸአት 23፥19፣ ዘጸአት 34፥26 እና ዘዳግም 14፥21። አይሁድ ከዚህ ተነስተው ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አያቀርቡም። ሥጋ የበላ ሰው ወተት ያለበት ነገር ለመቅመስ ብዙዎቹ ዘንድ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል። የዓርብ ማታው የሰንበት እራት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ አለበት። እንግዲህ ከእራቱ በኋላ የሚቀርበው ጣፋጭ ቅቤም ወተትም ሊኖረው አይችልም ማለት ነው። ከሥጋም ከወተትም ያልሆነውን ምግብ «ፓርቬ» ይሉታል፤ እህል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ዓሣና እንቁላል እዚህ ውስጥ ይመደባሉ። እንቁላል በእነሱ ሥርዓት የሥጋም የወተትም ወገን አይደለም። በእኛ ጾም ግን የፍስክ ነው። ጾመኛው የሚጠነቀቀው እዚህ ላይ ነው።

ወደ ቤቱ ልግባ። በሩን ከፍቼ ስገባ መጀመሪያ ያየሁት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የረቢዎች የምስክር ወረቀት ነው። እስከ መቼ እንደሚያገለግል ቀኑ ተጽፎበታል፤ ከሥሩም ቤቱ ሙሉ በሙሉ ፓርቬ እንደሆነ ይናገራል። ይህን ፈልጋችሁ አንብቡ። ኮሸር ሆነው ወተት የሚጠቀሙ ኬክ ቤቶችም አሉና ኮሸር የሚለው ቃል ብቻውን አይበቃም።

መስታወቱ ውስጥ ከደረደሩት የቀመስኳቸው፦

ባብካ። የቸኮሌቱን ወሰድኩ። ሊጡ ተዳምጦ፣ ቸኮሌት ተቀብቶ፣ ተጠቅልሎና ተገምዶ የሚጋገር ነው። ሲቆረጥ ጥቁርና ቢጫው ተጠላልፎ ይታያል፤ የታችኛው ጎኑ ከፈሰሰው ስኳር ጋር ተጣብቆ ሊያርር ትንሽ ሲቀረው ነው የሚወጣው፤ የሚጣፍጠውም እሱ ጫፉ ነው። ቅቤ እንደሌለው ማንም ካልነገረኝ አላውቅም ነበር። ሊጡ ውስጥ እንቁላል አለ።

ሩገላሕ። ትንንሽ፣ እንደ ቀንድ የተጠቀለሉ፣ ቸኮሌት ወይም ቀረፋ ያለባቸው። ከፎርኖ እንደወጡ ስኳር ሽሮፕ ስለሚፈስባቸው ጣት ላይ ይጣበቃሉ። የቀረፋው ከቡና ጋር ልዩ ነው። ከላይ እንቁላል ይቀባል።

ሃመንታሽ። በመጽሐፈ አስቴር የተነገረው የፑሪም በዓላቸው ስለቀረበ መስታወቱን ሞልቶታል። ሦስት ማዕዘን ብስኩት ነው፤ መሐሉ የፕሪም፣ የአፕሪኮት ወይም የፖፒ ፍሬ ሙሌት አለው። መጽሐፈ አስቴርን ያነበበ ሰው የሐማን ስም እዚያው ውስጥ ይሰማዋል። ሊጡ በወተት ፋንታ በብርቱካን ጭማቂ ነው የሚቦካው፤ ሽታው ደስ ይላል። የአፕሪኮቱን ወደድኩት፣ የፖፒው ግን ለእኔ አልሆነም። እንቁላል አለበት።

ክሬም ያለበት የቸኮሌት ኬክ። እውነቱን ልናገር፣ ይህን አልመክርም። ክሬሙ ከአትክልት ቅባት የተመታ ነው፤ ላንቃ ላይ የሚቀር ቅባት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጾም ላይ ያለ ሰው እዚያ ቤት ምን ይበላል? ያገለገለችኝን ሴት «እንቁላል የሌለበት የትኛው ነው? ከላይ የሚቀባውም ጭምር» ብዬ ጠየቅኋት። እጇን ታጥባ አዲስ ጓንት አጠለቀችና ከጥግ አንድ ትሪ ሳበች።

ሰፈሩ ውስጥ ከኢራን የመጡ አይሁድ ብዙ ናቸው። ትሪው ላይ የነበረው የእነሱ «ናን ኖኾድቺ» ነው፤ የሽምብራ ዱቄት፣ የላመ ስኳር፣ ዘይትና ሄል፣ ሌላ ምንም የለውም። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ናቸው፤ በአራት ቅጠል አበባ ቅርጽ ተቆርጠው መሐላቸው ላይ አንዳንድ የፒስታሽዮ ስንጣሪ ተሰክቶባቸዋል። አፍ ውስጥ ሲገባ ጥርስ አይፈልግም፤ እንደ በሶ ይፈርስና የሄሉ ሽታ ወደ አፍንጫ ይወጣል። በሽሮና በሽምብራ አሣ ላደግን ሰዎች እንግዳ የሆነ፣ ግን ወዲያው የሚታወቅ ጣዕም ነው። አንድ ሙሉ ሳጥን ይዤ ወጣሁ።

ከእሱ ሌላ ሁለት ነገር ለጾም ይሆናል። አንደኛው ሐላዋ ነው፤ ሰሊጥና ስኳር። ሁለተኛው የሰንበት ዳቦአቸው ሃላ፣ ግን በውሃ ብቻ የቦካው። ቢጫው ሃላ እንቁላል አለበት። የውሃውን ስታዝዙም «ከላይ እንቁላል አትቀቡብኝ» ማለት አለባችሁ፤ የሚያብረቀርቀው በእሱ ነውና።

የልደት ኬክ ያለ እንቁላል ይሠራሉ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። በትእዛዝ፣ ቀደም ብሎ ከተነገራቸው ይሠራሉ። ዓርብ ግን ከሰዓት በኋላ እንዳትሄዱ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀደም ብለው ይዘጋሉ፣ ቅዳሜም ዝግ ናቸው።

---

ኤልሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

እህቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የምጠይቀው ስለ ጾም አይደለም፤ ልጄ የወተት አለርጂ አለበት፣ ትንሽ ከነካው ፊቱ ያብጣል። እኛም አካባቢ ኬምፕ ሚል በኩል አይሁድ ብዙ ስለሆኑ ኮሸር መደብር አለ። ፓርቬ የሚል ካየሁ ዓይኔን ጨፍኜ ልግዛለት? በየልደቱ የሌሎችን ልጆች ኬክ ቆሞ ሲያይ አንጀቴ ይበላል።

---

አቤል 21

የቤቱን ስም በውስጥ ላኪልኝ እባክሽ።

---

የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

አቤል፣ የመድረኩ ደንብ ማስታወቂያ ስለማይፈቅድ ነው ያልጻፍኩት፤ ልኬልሃለሁ። ኤልሲ፣ የአለርጂውን ነገር ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ ቤት አለ። ጋጋሪው፣ ካለህ ና።

---

ጋጋሪው (ቶሮንቶ)

አለሁ። ባተርስት መንገድ ላይ ኮሸር ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ነኝ፤ ሌሊት ገብቼ ጠዋት ነው የምወጣው። ኤልሲ፣ ጥያቄሽ ከባድ ስለሆነ በደንብ አንብቢኝ።

ፓርቬ ማለት ሃይማኖታዊ ዋስትና ነው። በጣም ጠንካራ ዋስትና ነው፤ እኛ ቤት ሠራተኛ ለራሱ ቁርስ እንኳ አይብ ይዞ መግባት አይችልም። ዱቄቱ ይነፋል፤ ነፍሳት እንዳይኖርበት። እንቁላል በእጅ ሲሰበር አንድ በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ተሰብሮ የደም ነጠብጣብ እንዳለበት ይታያል፤ ካለበት ይጣላል። የሚመጣው ማርጋሪን፣ ቸኮሌት፣ ቫኒላ ሁሉ ማኅተሙ ታይቶ ነው የሚገባው። ፎርኖውን የሚለኩሰው ተቆጣጣሪው ነው፤ እኔ አይሁድ ስላልሆንኩ አልለኩስም፤ እሱ ከለኮሰው በኋላ ግን ሌሊቱን ሙሉ እኔው ነኝ የምጋግረው። ሊጡ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ከመጋገሩ በፊት ቁራሽ ይነሣለታል፤ በዘኍልቍ ምዕራፍ 15 የታዘዘው የሊጥ በኵራት ነው። ያ ቁራሽ አይበላም፤ ይቃጠላል።

ግን ሁለት ነገር እወቂ። አንደኛ፣ በሕጋቸው ሳይታሰብ የገባ ጥቂት ወተት ከምግቡ አንድ ስድሳኛ ካነሰ እንደሌለ ሊቆጠር የሚችልበት አግባብ አለ። ለሃይማኖት ይበቃል፤ ለልጅሽ ጉሮሮ ግን ላይበቃ ይችላል። ሁለተኛ፣ በፋብሪካ የታሸገ ፓርቬ ቸኮሌት የወተት ቸኮሌት በሚያልፍበት መሥመር ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። መሥመሩ በሥርዓታቸው ይጸዳል፤ ሥርዓቱ የተበጀው ግን ለአለርጂ ተብሎ አይደለም።

ስለዚህ የምመክርሽ፦ ቤቱ እንዳለ ፓርቬ የሆነ፣ በጭራሽ ወተት የማይገባበት ዳቦ ቤት ፈልጊ። ከዚያ ኃላፊውን አግኝተሽ «ልጄ አለርጂ ነው፤ ቸኮሌታችሁ ከየት ነው የሚመጣው? ማሸጊያውን አሳዩኝ» በይ። ይህን ጥያቄ ለምደውታል፤ አይቆጡም። ቸኮሌት የሌለበትን ብትመርጪ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ የቀረፋ፣ የፖም፣ የማርማላታ። ከሁሉም በፊት ግን ሐኪሙን አማክሪ፤ የአለርጂ መርፌውም ከእጅሽ አይለይ።

---

ሳባ (ዳላስ)

ጋጋሪው ያለው ላይ ልጨምር፤ የምግብ ማሸጊያ ምልክት ላይ ነው የምሠራው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከ2006 ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ ወተት፣ እንቁላል፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ ሌሎች ለውዞች፣ ዓሣና የባሕር ቅርፊት እንስሳት ካሉ በግልጽ መጻፍ ግዴታ ነው። ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ተጨምሯል። ስለዚህ ሐላዋ ለሰሊጥ አለርጂ ላለበት አይሆንም። ይህ ግዴታ ግን ለታሸገ ነው። ፊታችሁ ተቆርጦ በወረቀት ከረጢት የሚሰጣችሁ ሩገላሕ ላይ ምንም ላይጻፍ ይችላል። ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለም።

ምልክቶቹን በተመለከተ፦ ክብ ውስጥ የእንግሊዝኛው «ዩ» ፊደል ካያችሁ የኦርቶዶክስ አይሁድ ኅብረት ማረጋገጫ ነው። አጠገቡ «ዲ» ካለ ወተት አለው ወይም ወተት በነካ ዕቃ ተሠርቷል። «ዲኢ» ካለ ውስጡ ወተት የለም፣ ዕቃው ግን ለወተት ይውላል። ብዙ ሰው የሚሳሳትባት «ፒ» ናት፤ ፓርቬ ትመስላለች፣ ፋሲካቸውን ነው የምታመለክተው። «ዩ» ብቻዋን ቆማ ካያችኋት ምርቱ ከሥጋ ጋር ካልሆነ ፓርቬ ነው።

ለጾመኞቻችን ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር። ቡና ማንጫ ዱቄቱና የኬክ ክሬሙ ላይ «ነን ዴሪ» (ወተት የሌለው) ተብሎ ተጽፎ ስታዩ ጾም ነው ብላችሁ ትገዛላችሁ። ብዙዎቹ ውስጥ ሶዲየም ኬዝኔት አለ። ኬዝኔት የሚወጣው ከወተት ነው፤ የአሜሪካ ሕግ ነን ዴሪ ብሎ መሸጥን አልከለከለም። ረቢዎቹ ግን አያልፉትም፤ «ዲ» ያትሙበታል። ስለዚህ ከፊት ለፊቱ ትልቅ ጽሑፍ ይልቅ ያችን ትንሽ ፊደል እመኑ። እኔ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ነኝ፤ ጾም ስገዛ የማየው እሷን ነው፤ ከዚያ ደግሞ እንቁላል እንዳለ ዝርዝሩን አነባለሁ።

---

አቤል 21

ሳባ፣ የቡና ማንጫውን አሁን ከመደርደሪያ አውርጄ አየሁት። ኬዝኔት አለው፤ «ዲ»ም አለችበት። ለሰንበት ትምህርት ቤቱ ሻይ ፕሮግራም የምንገዛው ይህን ነበር። ነገ ለኮሚቴው እነግራለሁ።

---

ወለተ ማርያም

የከፋኝን ልናገርና ተቆጡኝ። ወተት ይኑረው አይኑረው የሚለውን ትነጋገራላችሁ። እኔ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እኛ የሌላ እምነት ሰው የባረከውን ሥጋ አንበላም። ጋጋሪው ራሱ ከሊጡ ለበኵራት ቁራሽ ይነሣል፣ እሳቱን አይሁድ ይለኩሳል ብሏል። ታዲያ በዐቢይ ጾም፣ የክርስቶስን ሕማም በምናስብበት ሰሞን፣ ይህን መብላት አግባብ ነው?

---

ዘሚካኤል (አትላንታ)

እህቴ ወለተ ማርያም፣ ጥያቄሽ የሚያስቆጣ አይደለም፤ መጠየቅ ያለበት ነው። እኔ ዲያቆን ነኝ፣ ግን እዚህ ፍርድ ለመስጠት አልደፍርም። የማውቀውን ልበል።

አንቺ ያነሣሽው የሥጋ ነገር ከእርድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በማን ስም ታረደ የሚለው ነው። ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት እርድ የለውም። ተነሥቶ የሚቃጠለው ቁራሽም ከኦሪት የመጣ የበኵራት ሥርዓት ነው፤ የቀረው ሊጥ ተራ እንጀራ ነው። ስለ ጾሙ ፍትሐ ነገሥት በአንቀጽ 15 ይናገራል፤ የጾሙ ነገር ሥጋንና የሥጋ ውጤትን መተው፣ እስከ ተወሰነው ሰዓት መቆየትና አብዝቶ መጸለይ ነው። ብዙ አባቶች በጾም ጣፋጭ ማብዛትን ራሱን አይወዱም፤ ኬኩ የአይሁድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ሆድን ማስደሰት የጾሙን ዓላማ ስለሚያደክም ነው። እኔም በሰሙነ ሕማማት የሚበላ አይመስለኝም። ለሕፃን ልደት፣ ለእንግዳ፣ ለታመመ ግን ሌላ ነው። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ፤ ያሉሽን አድርጊ።

---

ወለተ ማርያም

እሺ ወንድሜ፣ አባቴን እጠይቃለሁ። ስለ ትሕትናህ አመሰግናለሁ።

---

እማማ አልማዝ (ረሖቮት)

ልጆቼ፣ ልጄ ናት የምታነብልኝና የምትጽፍልኝ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ፤ ከጎንደር ነው የመጣሁት። ስለ እኛ ስትነጋገሩ በክብር ስለሆነ ደስ ብሎኛል።

አገራችን ሳለን ይህ ባብካ፣ ሩገላሕ የምትሉት አልነበረም። ለሰንበት ዓርብ ቀን ዳቦ እንደፋለን፤ ኮባ ቅጠል አንጥፈን፤ ቅዳሜ ቄሱ ይባርኩታል፣ ለሁሉም ይቆረሳል። ፑሪምንም እንዲህ በጣፋጭና በጨዋታ አናከብረውም ነበር፤ የአስቴርን ጾም ግን እንጾማለን። ለፋሲካ ቂጣ ነው፤ እርሾ ከቤት ይወጣል። የሰግድ ቀን ጾመን፣ ተራራ ወጥተን ጸልየን ስንመለስ የምንፈታው በዳቦ ነው፤ እዚህ አገርም እ.ኤ.አ. በ2008 የመንግሥት በዓል አድርገውልናል።

እዚህ እስራኤል የፓርቬ ነገር ችግር የለውም፤ ኮሸር የሆነው ዳቦ ቤት መደርደሪያውን ለይቶ ይጽፋል፣ ወተት ያለበትንም ቅርጹን ይለዩታል፣ በቀላሉ እንዲታወቅ። ድሮ የሊቃውንቱ ሕግ ዳቦ በወተት አይቦካ ይላል፤ ሰው ሳያውቅ ከሥጋ ጋር እንዳይበላው። እና የፌርፋክሷ ልጄ፣ እንቁላል የማይነካውን ከፈለግሽ የየመኖችንና የኢራቆችን ዳቦ ጠይቂ። እነሱ ሃላው በጣም እንዲጣፍጥ አይወዱም፤ ከጣፈጠ ዳቦነቱ ቀርቶ ኬክ ይሆናል ይላሉ። የውሃውን ነው የሚሠሩት። አንቺ ባለሽበት ሰፈርም የኢራኖቹ እንዲሁ ናቸው።

---

የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

እማማ አልማዝ፣ ዕድሜ ይስጥልን፤ የልጅዎንም እጅ ይባርክ። የውሃው ሃላ ለምን እንደሚለያይ አሁን ነው የገባኝ። ሻጯ ሴትም «የኢራኖቹ ደንበኞቻችን ናቸው የሚወስዱት» ብላኝ ነበር።

---

ብሩክ (ቦሌ፣ አዲስ አበባ)

እናንተ እዚያ ስትደክሙ እኛ እዚህ የጾም ኬክ በየኬክ ቤቱ አለን፤ ፓስቲውም ቦምቦሊኖውም። ግን ሳባ የጻፈችውን ካነበብኩ በኋላ ልቤ አልረጋም። የጾም ኬክ ክሬም የሚመታው ብዙ ጊዜ ከውጭ በመጣ ዱቄት ነው። አንድ ጊዜ ስሙን የማልጠራው ኬክ ቤት «የጾም ነው» ብሎ የሸጠልንን አምጥተን፣ የዱቄቱን ማሸጊያ የሚያውቅ ጓደኛችን ወተት አለበት ብሎ ነግሮን እናቴ በጣም አዘነች።

አንድ ጥያቄ፦ ያ የሽምብራ ብስኩት እዚህ ይሠራ ይሆን? ሽምብራ ሞልቶናል፤ ሄልም መርካቶ አለ።

---

ሳባ (ዳላስ)

ብሩክ፣ በአትክልት ቅባት የሚመታ ክሬም ወተት ሳይኖረው መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ቡፋሎ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ቦብ ሪች የሚባል ሰው ከአኩሪ አተር የሚመታ ክሬም የሠራው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ኮሸር ማዕዶች ከሥጋ በኋላ ክሬም ያለበት ኬክ ማቅረብ የቻሉት በእንዲህ ዓይነት ምርት ነው። ችግሩ አንዳንዱ አምራች እንዲቆምለት ኬዝኔት ይጨምርበታል። ኬክ ቤቱን «የክሬሙን ካርቶን አሳየኝ» በለው። ዝርዝሩ ላይ ኬዝኔት፣ ዌይ (አጓት) ወይም የወተት ዱቄት የሚል ካለ ተወው። ደንበኛ ሁሉ ከጠየቀ ኬክ ቤቶቹ የሚያስመጡትን ይቀይራሉ።

---

ጋጋሪው (ቶሮንቶ)

ብሩክ፣ በደንብ ይሠራል። እኔ ቤት ለሚስቴ በጾም እሠራላታለሁ። ጻፍ፦

የሽምብራ ዱቄት ሁለት ኩባያ ተኩል፣ የላመ ስኳር አንድ ኩባያ፣ ዘይት ሦስት አራተኛ ኩባያ፣ የተፈጨ ሄል ሁለት የሻይ ማንኪያ።

ዱቄቱ የሽሮ አይሁን፤ ቅመም የሌለው ንጹሕ ሽምብራ መሆን አለበት። ሽምብራውን ለቀም አድርጋችሁ፣ ለዘብ ባለ እሳት ቆልታችሁ፣ ክኩን አስፈጩትና በቀጭን ወንፊት ሁለቴ ንፉት። ሳይቆላ የተፈጨ ከሆነ ዱቄቱን በመጥበሻ ላይ ጥሬ ሽታው እስኪጠፋ ብቻ አምሱት፤ ቀለሙ እንዳይለወጥ። እስኪበርድ ጠብቁ፤ ትኩስ ዱቄት ላይ ዘይት ከጨመራችሁ ይፈሳል።

ስኳሩንና ሄሉን ቀላቅሉ፣ ዘይቱን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመራችሁ እሹት። ውሃ አንድ ጠብታ አይገባም። በእጅ ሲጨበጥ የሚይዝ፣ ሲለቀቅ ግን ለመፍረስ የሚቃጣው ሲሆን በቃው። ዱቄቱ ደረቅ ከሆነ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ። ሸፍናችሁ ፍሪጅ ውስጥ ለአንድ ሰዓት አስቀምጡት። ከዚያ አንድ ሳንቲ ተኩል ያህል ውፍረት አድርጋችሁ በእጅ ጠፍጥፉ፤ መዳመጫ ከተጠቀማችሁ ይሰነጠቃል። በትንሽ መቁረጫ ወይም በጠርሙስ ክዳን ቁረጡ። ፒስታሽዮ ከሌለ የለውዝ ስንጣሪ መሐሉ ላይ ሰኩ።

ኦቨኑ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ። ሥሩ ትንሽ ወርቃማ ሲሆን አውጡ፤ ላዩ መንጣት አለበት። አሁን ዋናው ነገር፦ ትሪው ላይ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። ትኩሱን ያነሣ ሰው ዱቄት ነው የሚያነሣው።

---

ብሩክ (ቦሌ፣ አዲስ አበባ)

እናቴ ሽምብራውን ለቅማ ጨርሳለች። ወፍጮ ቤቱ ሽሮ ከፈጨበት በኋላ ከሆነ የበርበሬ ሽታ ይይዛል ወይ?

---

ጋጋሪው (ቶሮንቶ)

ይይዛል። ጠዋት፣ ወፍጮው ስንዴ ከፈጨ በኋላ ውሰዱት። ወይም ቤት ውስጥ በቡና መፍጫ በትንሽ በትንሹ፤ ግን መፍጫውን ሄል ፍጩበትና የቡናው ሽታ ይልቀቅ።

---

ኤልሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ላሳውቃችሁ ነው የተመለስኩት። ጋጋሪው እንዳለው አደረግሁ፤ ቤቱ ሙሉ ፓርቬ መሆኑን ወረቀቱን አይቼ፣ ኃላፊውን አነጋገርኩ። ሰውየው ወደ ጓዳ ገብቶ የማርጋሪኑን ካርቶን፣ የዱቄቱን ከረጢት፣ የማርማላታውን ባልዲ አንድ በአንድ አምጥቶ አስነበበኝ። ቸኮሌቱን ሲያይ ራሱ «ይህን ለልጅሽ አልሰጥም፤ በጋራ መሥመር የተሠራ ነው» አለኝ። የአፕሪኮት ሃመንታሽና የቀረፋ ሩገላሕ ገዛሁ። የልጄ ሐኪም ባዘዘው መሠረት መጀመሪያ ትንሽ ቁራሽ አቀመስኩት፤ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሦስቱን በላቸውና «እማዬ ነገ ለክፍሌ ልጆች ልውሰድ?» አለኝ። ለሁሉም የሚበቃ አዝዣለሁ።

---

ሳባ (ዳላስ)

እሰይ! ደስ ሲል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ሃመንታሹ ከፑሪም በኋላ ከብዙ ቤት ይጠፋል፣ ፋሲካቸው ሲደርስ ደግሞ እርሾ የነካው ሁሉ ስለሚወጣ ዳቦ ቤቶቹ ለስምንት ቀን ይዘጋሉ፤ ከዚያ በፊትም ለጽዳት ቀደም ብለው የሚዘጉ አሉ። ልጅሽ ከወደደው በርከት አድርገሽ ገዝተሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪለት፤ ጣዕሙ አይለወጥም።

---

የፌርፋክሷ (ሎስ አንጀለስ)

ሳባ ስለ መዘጋቱ ካነሣሽ፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ ላላችሁ፦ ለደብረ ዘይት እሑድ ማታ ለቤተ ክርስቲያኑ ሻይ ከኖኾድቺውና ያለ እንቁላል ከተዘጋጀው የውሃ ሃላ በጅምላ ላዝዝ ነው። መሳተፍ የምትፈልጉ እስከ ረቡዕ ድረስ ስንት ሰው እንደሆናችሁ በውስጥ ጻፉልኝ። ሐሙስ ጠዋት ገንዘቡን ከፍዬ አዝዛለሁ፤ የዓርብ ጠዋቱ የሃላ ሰልፍ እስከ በር ስለሆነ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ አመጣዋለሁ። ወለተ ማርያም፣ አባትሽ ከፈቀዱልሽ ድርሻሽን አስቀምጥልሻለሁ።

---

ወለተ ማርያም

ፈቅደውልኛል። ለሁለት ሰው ጻፊኝ።